ማታ የምትዘፍን እናት ልጇን ትነጠቃለች?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 31 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በአንድ የምሽት ክበብ ውስጥ ከባንድ ጋር ሁለት ዓመት ዘፍኛለሁ። የጽሑፍ ውል የለኝም። ከልጄ አባት ጋር ጋብቻ ሳንፈጽም አራት ዓመት በአንድ ቤት ኖረናል፤ እሱም ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ልጃችን ሁለት ዓመት ሲሞላው ጥሎን ሄደ፤ አሁን ልጁ አምስት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ላይ በቴሌብር ጥቂት ጥቂት ይልክ ነበር፤ ካቆመ ዓመት አልፎታል። አብረን ሳለን የገዛናት መኪናም በስሙ ስለሆነች ይዟት ሄዷል። ልጄንና የስኳር ሕመምተኛ እናቴን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ከአራት ወር በፊት ልጄ በሳምባ ምች ሆስፒታል ተኝቶ አምስት ሌሊት ከሥራ ቀረሁ። ስመለስ «ሌላ ዘፋኝ ይዘናል» ተባልሁ። የአንድ ወር ተኩል ክፍያዬንም ስጠይቅ «ሽልማት ስትሰበስቢ ከርመሽ ደግሞ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ። አሁን ሠርግ ላይ እየዘፈንሁ ነው የምኖረው። ቀለብ ልጠይቅ ስል የአባቱ ቤተሰቦች «ልጁ አምስት ዓመት ሞልቶታል፤ ማታ ማታ ለምትዘፍን ሴት የሚፈርድ ዳኛ የለም፤ እንወስደዋለን» ብለው አስፈራርተውኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እርስዎን እንቅልፍ የነሣዎት የልጁ ነገር እንደሆነ ይገባኛል። እኔ ግን ከክበቡ ልጀምር፤ ምክንያቱም የልጁ ጉዳይ ይቆይልዎታል፣ ይኼኛው አይቆይም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለይርጋ፣ ማለትም ካለፈ ክስ ለማይቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ያስቀመጠው ጊዜ አጭር ነው። «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ክስ ውሉ በተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ ነበረበት፤ እሱ አልፏል። ያልተከፈለ ደመወዝና ውሉ በመቋረጡ የሚመጣ ክፍያ የሚጠየቀው ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ነው። ከዚህ ውስጥ አራቱ ሄዷል። ደመወዝ የሚቆጠረው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ወር ሒሳብዎ ከሁሉም ቀድሞ በይርጋ ሊታገድ ይችላል። «ባለቤቱ ይራራልኝ ይሆናል» እያሉ ሽማግሌ በመላክ የሚያልፍ ሳምንት ሁሉ ከእርስዎ ኪስ የሚወጣ ነው።

ባለቤቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ «እሷ አርቲስት እንጂ ሠራተኛዬ አይደለችም» ማለቱ አይቀርም። ክርክሩ ባዶ አይደለም፤ አዋጁ በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራን ሰው አይመለከትም። አንድ ምሽት ተጠርቶ ሁለት ዘፈን ዘፍኖ ገንዘቡን ተቀብሎ የሚሄድ ዝነኛ ድምፃዊ ሠራተኛ ሊባል አይችልም። የእርስዎ ግን ሌላ ነው። መድረክ የሚወጡበትን ሰዓት የሚወስነው ማን ነበር? የሚዘፍኑትን ዝርዝር የሚያጸድቀው ማን ነበር? በሌላ ቤት እንዳይሠሩ ተከልክለው ነበር? ሲያረፍዱስ ከክፍያዎ ይቆረጥ ነበር? በብዙ የምሽት ቤቶች የማርፈጃ ቅጣት የተለመደ ነገር ነው፤ እርስዎም ተቀጥተው ከነበረ በጊዜው ያናደደዎት ቅጣት ዛሬ ይጠቅምዎታል። የራሱ አለቃ የሆነን ሰው ማንም በማርፈድ አይቀጣውም። በሰው ትእዛዝ ሥር፣ ለደመወዝ መሥራትዎ ከተረጋገጠ ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ መብትዎን አያሳጣዎትም።

ሽልማቱን በተመለከተ የተባሉት ነገር፣ በግልጽ ልናገርና፣ ድፍረት ነው። እንግዳው ወደ መድረክ ወጥቶ ግንባርዎ ላይ የለጠፈው ብር ከባለቤቱ ካዝና የወጣ አይደለም። የአዋጁ አንቀጽ 53 ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያን ከደመወዝ ለይቶ አስቀምጦታል፤ ሽልማትም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት ብዬ እከራከራለሁ። ሌላ ሰው የሰጠዎት ስጦታ የአሠሪዎን ዕዳ አይከፍልም።

መቅረትዎስ? አሠሪ ያለማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚችለው በሕግ በተዘረዘሩ ምክንያቶች ብቻ ነው። ከሥራ መቅረት ከእነዚህ አንዱ ቢሆንም፣ ያለ በቂ ምክንያት የሆነና በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠበት መሆን አለበት። ልጅ ሆስፒታል ተኝቶ አልጋው ሥር ማደር በቂ ምክንያት ካልሆነ ምን እንደሚሆን አላውቅም። የሆስፒታሉን የመግቢያና የመውጫ ወረቀት ዛሬውኑ ያስወጡ። የሁለት ዓመት አገልግሎት ስላለዎት ከቀሪው ደመወዝ በተጨማሪ የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፣ የስንብት ክፍያና ከሕግ ውጭ ለተቋረጠው ውል ካሳ ይጠይቁ። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፈልም።

አሁን ወደ ልጁ።

«አምስት ዓመት ሲሞላው ለአባቱ ይሰጣል» የሚባለው ወሬ መነሻ አለው፤ ግን የተዛባ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር እንዲቆይ ይል ነበር፤ ሰዉ ይህንን ገልብጦ «ከአምስት በኋላ የአባት ነው» አደረገው። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 እንዲህ ያለ የዕድሜ ድንበር የለውም። ፍቺን በሚመለከተው አንቀጽ 113 ዳኛው የሚያየው የወላጆችን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና የአኗኗር ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጁን ዕድሜና ጥቅም ነው። እናንተ ጋብቻ ባትፈጽሙም ክርክሩ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጅን በሚመለከት ውሳኔ ሁሉ የልጁ ደኅንነት ይቀድማል ይላል፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት አለው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 ለወለደው አባት ሳይሆን ላሳደገችው አክስት የፈረደው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያ ውሳኔ በሥር ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ነው። አክስት ይህንን ካገኘች፣ ሦስት ዓመት ብቻዋን ያሳደገች እናት በዛቻ የምትደነግጥበት ምክንያት የለም።

ይህን ስል ግን የማታ ሥራዎ አይነሣም ማለቴ አይደለም፤ ይነሣል። ጥያቄው የሚመጣው «ዘፋኝ ነሽ ወይ?» ተብሎ ሳይሆን «ልጁ ሌሊት ከማን ጋር ያድራል?» ተብሎ ነው። እናትዎ አብረውዎት የሚኖሩ ከሆነ፣ ማን እንደሚያበላው፣ ማን እንደሚያስተኛው፣ ጠዋት ማን ትምህርት ቤት እንደሚያደርሰው ለዳኛው በቀጥታ ይንገሩ። የስኳር ሕመማቸው ሌሊት ቢነሣባቸው ማን እንደሚደርስላቸው ጭምር ያስቡበት፤ ጎረቤት ወይም ዘመድ ምስክር ይሁንዎት። አንዳንድ ማመልከቻ ጸሐፊዎች በአቤቱታው ላይ ሥራዎ «የግል ሥራ» ተብሎ ይጻፍ ይላሉ። እኔ አልስማማም። «ድምፃዊት» ተብሎ ይጻፍ፤ በድምፅዎ ሠርተው ቤት ተከራይተው፣ የትምህርት ቤት ከፍለው፣ እናትዎን እያሳከሙ እንደሆነ በደረሰኝ ይታይ። የተደበቀ ነገር በተቃራኒ ወገን ጠበቃ አፍ ሲወጣ ነውር ይመስላል።

አባቱ ልጁን አልክድም ካለ ነገሩ ቀላል ነው። ቢክድም ልጁ የተወለደው እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ ስትኖሩ ስለሆነ ሕጉ አባትነቱን ይገምታል። አብሮ መኖሩን ጎረቤት፣ አከራይ፣ ዘመድ ይመሰክራል። በቴሌብር የላከው ገንዘብም በአባትነቱ ልጁን ይረዳ እንደነበር ስለሚያሳይ የዝውውሩን ዝርዝር ያውጡ። ክርክሩ ከበረታ ፍርድ ቤቱ የዲኤንኤ ምርመራ ሊያዝ ይችላል። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወቁ፤ አባትነቱ ሲረጋገጥ ዕዳ ብቻ አይጫንበትም፤ ልጁን የመጠየቅና በአስተዳደጉ ላይ ሐሳብ የመስጠት መብትም ይኖረዋል። ይህን የማይፈልጉ እናቶች ቀለቡን ትተው ይኖራሉ። ውሳኔው የእርስዎ ነው፤ ግን ቀለቡ የእርስዎ ሳይሆን የልጁ መብት መሆኑን አይርሱት።

ቀለብ የሚወሰነው በልጁ ችግርና በአባቱ አቅም ልክ ነው። ሙዚቀኛ አባት ሁልጊዜ «ደመወዝ የለኝም» ይላል። የሚጫወትባቸውን ሠርጎች ማስታወቂያ፣ የስቱዲዮ ሥራዎቹን፣ መኪናዋን በማስረጃ ያቅርቡ። ሳይጠየቅ ከሦስት ወር በላይ የተጠራቀመ ቀለብ፣ ለመኖር የግድ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር አይጠየቅም። ያለፈውን ዓመት ሙሉ ለማስከፈል ተስፋ አያድርጉ፤ ከአሁን በኋላ ያለውን ያስከብሩ። መኪናዋስ? ግንኙነታችሁ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ስለነበረ፣ በዚያ ውስጥ የተገዛ ንብረት በማንም ስም ቢሆን የጋራ ነው፤ ድርሻዎን ይጠይቁ።

የቀለቡ ክስ የሚቀርበው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው። ለንብረቱ ክስ የዳኝነት መክፈያ ከሌለዎት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላሉ። ጠበቃ ለማቆም ካልቻሉ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ወደ ክበቡ ክስ ስመለስ፣ ምስክር የሚሆኑት የባንዱ ልጆች እንጀራቸውን ፈርተው ወደኋላ ማለታቸው የታወቀ ነው። ከእነሱ ጋር አይጣሉ፤ ስማቸውንና አድራሻቸውን በምስክሮች ዝርዝር ላይ ያስገቡ፣ መጥሪያውን ፍርድ ቤቱ ይልክላቸዋል። «ተገድጄ ነው የመጣሁት» ማለት ለእነሱም ይቀላቸዋል።