መልስ፦ የመጠጥ ፈቃድ ለመቃወም የጠበቃ ወጪ የሚረዳ አለ?

እህቴ፣ ከአፓርታማሽ ስር ያለው ሬስቶራንት እስከ እኩለ ሌሊት መጠጥ ለመሸጥ ፈቃድ ጠይቋል፣ ለመቃወም የጠበቃ ገንዘብ ከየት ይገኛል ብለሻል። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ለእንዲህ ያለ ክርክር መንግሥት ጠበቃ አያቆምልሽም። የወንጀል ጉዳይ አይደለማ! ደግነቱ ያለ ጠበቃም ይኬዳል።

ብቻሽን ግን አትሂጂ። ከሬስቶራንቱ ጋር የሚዋሰን ንብረት ከሌለሽ፣ ቢያንስ 5 ነዋሪዎች ሆናችሁ ተቃውሞውን በጋራ ፈርሙ። የፈቃድ ጥያቄው ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ተቃውሞ የሚገባበት ጊዜ የተወሰነ ነው። ከመካከላችሁ አንድ ተናጋሪ ምረጡ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ካልተገኘ ተቃውሟችሁ ሊሰረዝ ይችላል፤ ይቺን አትናቋት።

ከሁሉ በፊት የሰፈራችሁን አማካሪ ኮሚሽን፣ ኤኤንሲ የሚሉትን፣ ስብሰባ ግቡ። ኮሚሽኑ ራሱ መቃወም ይችላል። ሕጉ ደግሞ ፈቃዱን የሚወስነው የከተማው የመጠጥ ቦርድ ለኮሚሽኑ ሐሳብ ትልቅ ክብደት እንዲሰጥ ያዛል። ሳንቲም አያስወጣችሁም።

ለአስተርጓሚም እንዳትከፍሉ። ከተማው በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት አስተርጓሚ በነፃ ይቀርባል፤ አማርኛም አለ። ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።

ገቢሽ ዝቅተኛ ከሆነ የዲሲ ባር (የጠበቆች ማኅበር) ፕሮ ቦኖ ማዕከልን፣ ማለትም የነፃ ሕግ እርዳታ ማዕከሉን ጠይቂ። የግድ ጠበቃ ይኑረን ካላችሁ ወጪውን ተካፈሉና ከባለቤቱ ጋር የምትፈራረሙትን የስምምነት ሰነድ ብቻ ያንብብላችሁ። ከክርክሩ በፊት ሽምግልና አለ። ሙዚቃው ስንት ሰዓት ይዘጋል፣ ቆሻሻው መቼ ይወጣል የሚለው በዚያ ሰነድ ላይ ይጻፋል፤ ቦርዱ ካጸደቀው ባለቤቱን ያስገድደዋል። እኔ ብሆን ገንዘቤን እዚያች ወረቀት ላይ ነው የማውለው።