ባለቤቴ የፈተናውን ውጤት ያምናል፣ እኔ ፈተናውን አላምነውም

ጥያቄ፦ የአሥር ዓመት ልጅ አለን። በእርሱ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ሁሉ የሚወስዱትን ብሔራዊ የመመዘኛ ፈተና ተፈትኖ በሒሳብ 42ኛ ፐርሰንታይል ላይ ነው የሚል ወረቀት መጣልን። ነጥቡም ካለፈው ዙር 490 ወደ 480 ወርዷል፤ ከጎኑ «የመለኪያ ስህተት 15» ይላል። ባለቤቴ «ከግማሽ በታች ነው ያመጣው፣ ሰንፏል» ብሎ አስጠኚ ቀጠረለት፤ ቅዳሜና እሑድም የድሮ ፈተናዎች ያሠራዋል። እኔ ደግሞ ፈተናው ልጆችን ሁሉ በአንድ ቁና የሚሰፍር የማይረባ ነገር ነው እላለሁ። ልጁ ፊት እንጨቃጨቃለን። አሁን ፈተና ባለበት ጠዋት ሁሉ ሆዴን አመመኝ ይላል። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ከወረቀቱ እንጀምር፤ ከጭቅጭቃችሁ ግማሹ የመጣው እርሱ በትክክል ካለመነበቡ ነው። 42ኛ ፐርሰንታይል ማለት ከመቶ 42 አገኘ ማለት አይደለም። ከመቶ እኩዮቹ መካከል 42 ያህሉን በልጧል ማለት ነው። ከጥያቄዎቹ 65 በመቶውን በትክክል መልሶም እዚያው ቦታ ላይ ሊገኝ ይችላል። ልጆች እርስ በርስ እስከተነጻጸሩ ድረስ ሁሉም ቢጎብዙ እንኳ ግማሾቹ ከመሐል በታች መሆናቸው አይቀርም።

ባለቤትዎ «ወረደ» ያሉትም 10 ነጥብ ያን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም። የመለኪያ ስህተቱ 15 ከሆነ፣ የልጁ እውነተኛ ነጥብ ከ465 እስከ 495 ባለው ውስጥ የመሆን ዕድሉ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ሁለት ውጤቶች ሲነጻጸሩ ደግሞ የሁለቱም ስህተት ስለሚገባበት (15 እና 15 እንዲሁ በቀጥታ ባይደመሩም) ልዩነቱ ላይ ያለው ስህተት ወደ 21 ይሰፋል። 10 ነጥብ የዚያ ግማሽም አይሞላም። ያን ቀን እንቅልፍ ያጣ ወይም አንድ ገጽ የዘለለ ልጅ ያንኑ ያህል ሊጎድልበት ይችላል። በዚህ ቁጥር «ሰነፈ» ብሎ መፍረድ አይቻልም።

እርስዎም ፈተናውን የሚጠረጥሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የሥነ ልቦና ሊቁ ዶናልድ ካምቤል በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳስጠነቀቀው፣ አንድ ቁጥር ለውሳኔ በዋለ መጠን ቁጥሩም ይበላሻል፣ ሊለካ የታሰበውንም ነገር ያበላሻል። በአሜሪካ በ2002 (እ.ኤ.አ.) የጸደቀው የትምህርት ሕግ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ የንባብና የሒሳብ ፈተና እንዲሰጥ አስገድዶ የትምህርት ቤቶችን ዕጣ ከውጤቱ ጋር አሰረው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከሳይንስ፣ ከኅብረተሰብና ከሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ ቀንሰው ወደሚፈተነው አዞሩ። በፊንላንድ በአንጻሩ ትልቁ አገር አቀፍ ፈተና የሚሰጠው በጠቅላላ ሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ላይ ነው። ሆኖም የባለቤትዎም ስጋት ባዶ አይደለም፤ የጋራ መለኪያ ከሌለ አንዳንድ ትምህርት ቤት ማርክ እያደለ ማንበብ የማይችል ልጅ ያሳልፋል፣ ወላጅም የሚያውቀው ከረፈደ በኋላ ነው።

እንግዲህ በፖሊሲው ላይ በአብዛኛው ከእርስዎ ጋር ነኝ። ይህ ግን ለልጁ ምንም አይጠቅመውም። «ፈተናው የማይረባ ነው» ሲሉት፣ ነገ ተቀምጦ የሚሠራው ልፋቱ የማይረባ እንደሆነ ይሰማዋል፤ በዚያ ላይ አባቱን ዋሾ አድርገውበታል። ረጋ ባለ ሰዓት፣ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ስትሄዱ ለምሳሌ፣ «ውጤቱ ዝቅ ቢል ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁት። «ትጣላላችሁ» ብሎ ሊመልስ ይችላል። እንዲህ ካለ፣ የፈራው ሒሳቡን ሳይሆን ከፈተናው በኋላ የሚሆነውን ነው፤ አስጠኚ ደግሞ ለዚህ መድኃኒት የለውም።

ስለዚህ ለአንድ ወር ያህል ስለ ፈተናው የሚደረግ ክርክር ልጁ በሌለበት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከግማሽ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ይሁን። የመጀመሪያውን ወረቀቱን አብሮ በማንበብ ያሳልፉት። «እኔ አላልኩህም?» የምትለዋን ግን ይተዉአት፤ ባለቤትዎ ፐርሰንታይሉን የተሳሳቱት ከብዙ ወላጅ ጋር ነው። ከዚያ ሁለታችሁም መምህሩ ዘንድ ሂዱ። ልጁ የሳተው በየትኛው የሒሳብ ክፍል ነው? ሰዓቱ በቅቶታል? ክፍል ውስጥ የሚሠራው ከዚህ ውጤት ጋር ይመሳሰላል? መልሱ «አይመሳሰልም» ከሆነ የክፍል ሥራውን የበለጠ እመኑ፤ እርሱ የብዙ ወራት መረጃ ነው፣ ፈተናው የአንድ ጠዋት።

የቅዳሜው ፈተና ጨርሶ ይቅር አልልም። ያነበቡትን ደግሞ ከማንበብ ይልቅ ራስን መጠየቅ ትምህርትን በማስታወስ ውስጥ እንደሚያጸና በተደጋጋሚ በጥናት ታይቷል። ጉዳቱ የሚመጣው ማርክ ሲሰጥበት ነው። አምስት ጥያቄ፣ 15 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል፤ ቀይ እስክሪቢቶ አያስፈልግም። አባትየው የተሳተውን ጥያቄ ይዘው «እዚህ እንዴት ደረስክ?» ይበሉት። ስህተቱ ካለማወቅ ከሆነ ትምህርቱ እንደገና ይሰጠው፤ ጥያቄውን ባለማስተዋል ከሆነ የተጠየቀው ነገር ላይ እያሰመረ ያንብብ፤ ሰዓት አልቆበት ከሆነ የከበደውን ዘሎ በኋላ ወደ እርሱ መመለስን ይለማመድ። አስጠኚው ሦስቱንም በአንድ ዓይነት ሽምደዳ የሚያክም ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ስለ ሆድ ሕመሙ፦ ለሁለት ሳምንት የሚያመውን ቀንና ሰዓት ይመዝግቡ። ፈተና ባለበት ጠዋት ብቻ መጥቶ ከሰዓት በኋላ የሚተው ከሆነ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። «የምታስመስለው ነው» አይበሉት፤ ከጭንቀት የመጣም ቢሆን በእውነት ያማል። ቤትም አያስቀሩት፣ ከትምህርት ቤት በቀረ ቁጥር ፍርሃቱ ይጠነክራልና። በዕድሜው በ24 ሰዓት ውስጥ በድምሩ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት፤ የፈተና ዋዜማም ጥናት አይኑር። ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚያነቃው፣ ፈተና በሌለባቸው ቀናትም የሚመላለስ ወይም ክብደቱን የሚቀንሰው ከሆነ ግን ሁለት ሳምንቱን ሳይጠብቁ ሐኪም ያሳዩት።