ሎጎ ወስዶ መቀለድ ያስከስሳል?

ሰሞኑን የሚደርሱን ደብዳቤዎች ስለ ፌክ አካውንትና ስለ ፌዝ ገጾች ሆነዋል። ጥቂቶቹን አሳጥረን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፌስቡክ ላይ በአንድ ትልቅ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት የሚያላግጥ ፔጅ አለኝ። ሎጎውን ትንሽ ቀየር አድርጌዋለሁ፤ ስሙም ከነሱ ጋር ይቀራረባል። ሰው በጣም ወዶታል። በቅርቡ ግን "የንግድ ምልክት መብት ጥሰሃል" የሚል መልእክት መጣና ሁለት ፖስቶቼ ጠፉ። ቀልድ እኮ ነው! ምን ላድርግ? (ኤ. ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ተረጋጋ። ድርጅቱ ወይም ወኪሉ የፌስቡክን ፎርም ሞልቶ አቤት ብሏል፤ ማንም ገና አልፈረደብህም። ይግባኝ ማለት ትችላለህ። ብዙ ጊዜ የአመልካቹ ኢሜይልም አብሮ ይላካል፣ ስለዚህ በጨዋ ደንብ ጽፈህ መነጋገርም አለ። ያጠፉብህን ፖስት ግን መልሰህ እንዳትለጥፍ። ሪፖርቱ ከተደጋገመ ፔጁ ራሱ ሊዘጋ ይችላል።

አሁን ወደ "ቀልድ እኮ ነው" እንምጣ። ይቺ ብቻዋን አታድንህም። አንተ ቀልደህ ይሆናል፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ስልኩን በጥድፊያ የሚያገላብጥ ሰው ግን ስሙን አየ፣ ሎጎውን አየ፣ አመነ፣ ከዚያ "እባካችሁ ችግሬን ፍቱልኝ፣ ቁጥሬ ይሄ ነው" ብሎ ኮሜንት ላይ ጻፈልህ። ኮሜንቶችህን ገብተህ እያቸው። እንዲህ ያለ ሰው ካገኘህ ድርጅቱ የሚይዝብህ ማስረጃ እሱ ነው። የንግድ ምልክት ክርክር ዋና ጥያቄው ሰው ተሳስቷል ወይ፣ ሊሳሳትስ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ቀልዱ ማሳቁን ማንም አይጠይቅህም።

ደግሞ "ፌር ዩዝ" የሚሉትን (የሰውን ሥራ ያለ ፈቃድ በመጠኑ መጠቀም የሚፈቅደውን የአሜሪካ ሕግ) ከአሜሪካ ቪዲዮዎች ለቅመህ እዚህ መከራከሪያ እንዳታደርገው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው የሚሆነው። የኛው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ለፌዝ ብሎ ያስቀመጠው የተለየ ፈቃድ የለም። ያም ሆኖ ምንም ካልሸጥክና ማንንም ካላሳሳትክ፣ የድርጅቱም ክስ ቀላል አይሆንለትም። የንግድ ምልክት ከንግድ ጋር የተሳሰረ ነገር ነው።

በዓለም የታወቁት የፌዝ አካውንቶች እንዴት እንደኖሩ ብታይ ይጠቅምሃል። እ.ኤ.አ. በ2010 የእንግሊዙ የነዳጅ ኩባንያ የቢፒ ጉድጓድ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ፤ ዘይቱ ለወራት ባሕሩ ውስጥ ፈሰሰ። ወዲያው ትዊተር ላይ የቢፒ ሕዝብ ግንኙነት ነኝ የሚል አካውንት ተከፈተ። የሚጽፈው ነገር ግን ማንም ትክክለኛ ሕዝብ ግንኙነት በሕይወቱ የማይጽፈው ዓይነት ነበር፣ ሁለት መስመር ያነበበ ሰው ቀልድ መሆኑን ያውቃል። ከዋናው የቢፒ አካውንት የበለጠ ተከታይ አገኘ። ቢፒም አልከሰሰም፤ ቢከስ ኖሮ መሳቂያነቱ በእጥፍ ይጨምር ነበር ብዬ እገምታለሁ። ይህን ያልተረዳው የካሊፎርኒያው እንደራሴ ዴቪን ኑነስ እ.ኤ.አ. በ2019 "የዴቪን ኑነስ ላም ነኝ" የሚል አካውንትንና ትዊተርን 250 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ጠይቆ ከሰሰ። በቀናት ውስጥ ላሚቱ በተከታይ ብዛት እንደራሴውን በለጠችው። ትዊተርንም በማግስቱ ዓመት ዳኛው ከክሱ ነጻ አወጣው።

እና አንተ፦ "የፌዝ ገጽ" የሚለውን ባዮ ውስጥ አትደብቀው፣ ማንም ባዮ አያነብም። ስሙ መጀመሪያ ላይ አድርገው። ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) እንኳ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ለእንዲህ ያሉ አካውንቶች ይህንኑ ግዴታ አድርጓል፤ የፕሮፋይል ፎቶውም ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን አይፈቅድም። አንተም ሎጎውን ተወውና የራስህን ካርቱን ሥራ። የተፎካካሪ ድርጅት ማስታወቂያ ከተቀበልክ ግን እኔን አትጥራኝ፤ ያኔ ቀልደኛ መሆንህ ቀርቶ ነጋዴ ሆነሃል።

ጥያቄ፦ የሐበሻ ቀሚስ በቴሌግራምና በቲክቶክ እሸጣለሁ። አንድ ሰው በእኔ ስምና በእኔ ፎቶዎች ቻናል ከፍቶ በቴሌብር ቀብድ እየተቀበለ ይጠፋል። ደንበኞች ሱቄ መጥተው እኔ ላይ ይጮሁብኛል። ንግድ ፈቃድ አለኝ፣ ይበቃል አይደል? (ወ/ሮ ሰ.)

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ ማጭበርበር ነው፤ ፓሮዲ (ፌዝ) የሚል ቃል አጠገቡ አይድረስ። ብር የተከፈለበት ቁጥር፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ ስክሪንሾት፣ የተታለሉት ደንበኞች ቃል፤ እነዚህን ይዘው ዛሬውኑ ፖሊስ ጋ ይሂዱ። ቻናሉ ነገ ስሙን ሊቀይር ስለሚችል ሊንኩንም ያስቀምጡ።

ንግድ ፈቃዱ ግን አይበቃም፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ንግድ ፈቃድዎ ላይ ያለው የንግድ ስም ነው። የንግድ ምልክት፣ ማለትም ዕቃዎ ከሌላው የሚለይበት ስም ወይም ሎጎ፣ የሚመዘገበው ሌላ ቦታ፣ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን ነው፤ በአዋጁ መሠረት የምልክቱ ባለቤት የሚሆኑትም የምዝገባ ምስክር ወረቀቱ ሲሰጥዎ ነው። ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ ይታደሳል። ማመልከቻው ለተቃዋሚዎች በይፋ ስለሚወጣ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ አይዘግዩ፣ ያ ሰውዬ ቀድሞ እንዳያመለክት። እስከዚያ ባዶ እጅዎን አይደሉም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከሌላ ነጋዴ ጋር የሚያምታታ ድርጊትን ይከለክላል።

ቻናሉን ቶሎ ለማስዘጋት ደግሞ በፎቶው በኩል ይሂዱ። የአቤቱታ ፎርሞቹ ስለ ንግድ ምልክት ሲሆኑ የምዝገባ ቁጥር ይጠይቃሉ፣ እርስዎ ገና የለዎትም። ፎቶውን ራስዎ ካነሱት ግን ለቅጂ መብት አቤቱታ የምዝገባ ቁጥር አያስፈልግዎትም። ዋናውን ፋይል ከነቀኑ ይላኩ። ደንበኞችዎም ቻናሉን እንደ አጭበርባሪ ሪፖርት ያድርጉት፤ ቴሌግራም እንዲህ ያሉት ላይ "ፌክ" ወይም "ስካም" የሚል ምልክት ይለጥፋል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። የታዋቂ መጠጥ ሎጎ ላይ ጽሑፉን በአማርኛ ቀልድ ቀይሬ ቲሸርት ኢንስታግራም ላይ እሸጣለሁ። ጓደኛዬ "አሜሪካ ውስጥ ፓሮዲ ነጻ ነው" ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ጓደኛህ ግማሹን ነው የነገረህ። ስለ ውሻ መጫወቻ ሁለት ታሪክ ልንገርህ። የመጀመሪያው "ቹዊ ቪቶን" የሚባል የሚታኘክ ቦርሳ ነው። የውድ ቦርሳዎች አምራቹ ሉዊ ቪቶን ከሰሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ተሸነፈ። የወሰነው አራተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነው፤ ያንተ ሜሪላንድም እሱ ሥር ናት፣ ደስ ይበልህ። ሁለተኛው የጃክ ዳንኤልስ ውስኪን ጠርሙስ አስመስሎ የተሠራው "ባድ ስፓንየልስ" ነው። ጁን 8 ቀን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ እንዲህ አለ፦ ቀልዱን የራስህ ዕቃ መለያ አድርገህ ከሸጥከው፣ ለሐሳብ ነጻነት ተብሎ የሚደረገው ልዩ ጥበቃ አያገኝህም፤ እንደ ማንኛውም የንግድ ምልክት ጉዳይ ትታያለህ። መዝገቡ ወደ ታች ተመልሶ በጃንዋሪ 2025 ሲወሰን፣ ዳኛው ገዢ አይሳሳትም አለ፤ ግን ውስኪውን ከውሻ ኩስ ጋር ማያያዙ የንግድ ምልክቱን ክብር ማጉደፍ ነው ብሎ ለጃክ ዳንኤልስ ፈረደ።

ስለዚህ የሚያዋጣህ፣ የቀልዱን ቃላት ያዝና የፊደሉን ቅርጽ፣ ቀለሙንና የጠርሙሱን መልክ ተው። ቀልዱን የሱቅህ ስም አታድርገው፤ አንገቱ ላይ የራስህን መለያ ስፋ። "አቁም" የሚል የጠበቃ ደብዳቤ ከመጣ ግን ዝም አትበል፣ ብቻህንም አትመልስ። ከኪስህ የሚወጣው የጠበቃ ገንዘብ ከቲሸርቱ ትርፍ ሊበልጥ እንደሚችል አስበህ ግባበት።

ጥያቄ፦ ሰማያዊ ምልክት ካለው አካውንቱ እውነተኛ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። በኖቬምበር 2022 ትዊተር ምልክቱን በ8 ዶላር መሸጥ ሲጀምር፣ አንድ ሰው በመድኃኒት አምራቹ ኤሊ ሊሊ ስም ከፍሎ "ኢንሱሊን ከእንግዲህ በነጻ ነው" ብሎ ጻፈ። እውነተኛው ኩባንያ ወጥቶ ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት። የባንክዎን ወይም የአየር መንገድዎን ፔጅ ማረጋገጥ ከፈለጉ፣ መጀመሪያ ዌብሳይታቸውን ይክፈቱና እዚያ ያለውን ሊንክ ተከትለው ይግቡ።