የበገናው ዝዝታ ብቻ ለምን ይሰማኛል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባሕር ዳር የምማር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዱባይ የሚሠራው ወንድሜ ብሉቱዝ የሌለው አነስተኛ የሙዚቃ ማጫወቻ ልኮልኛል። በመኝታ ክፍል ብዙ ሆነን ስለምንኖር ያለ ጆሮ ማዳመጫ መስማት አይቻልም። ከመንገድ ዳር በ250 ብር የገዛሁት ማዳመጫ ግን በገና ስሰማበት ዝዝታውን ብቻ ያመጣል፤ ያ ሆድ የሚያባባው ወፍራም ድምፅ የለም። በወሩ ደግሞ የግራው ድምፅ ጠፋ። 1,500 ብር አጠራቅሜአለሁ፤ ምን ልግዛ?
ም.፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ልጄ፣ በገናን ስለጠቀስሽልኝ ሥራዬ ቀለለ። በገና 10 አውታሮች አሉት። በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት በርኩማ መካከል እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ያን የምንወደውን ዝዝታ የምታወጣው እርሷ ናት። ዝዝታው ቀጭን ስለሆነ ከማንኛውም ማዳመጫ ይወጣል። ወፍራሙ ድምፅ ግን በማዳመጫውና በጆሮሽ ታምቡር መካከል ያለው አየር እንዲታመቅለት ይፈልጋል። ትንሽ ክፍተት ካገኘ በዚያው ያመልጣል።

ስለዚህ ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት በገናውን ክፈቺና ደህና የሆነውን ቀኙን ማዳመጫ በጣትሽ ቀስ አድርገሽ ወደ ውስጥ ጫኚው። ወፍራሙ ድምፅ ድንገት ከመጣ፣ ጥፋቱ ጆሮሽ ውስጥ የሚገባው የማዳመጫው ጎማ መጠን ነው። እኔ ቴፕና ሬዲዮ በመጠገን 27 ዓመት ኖሬአለሁ፤ ይህን የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው። አንድ ደህና ማዳመጫ ‹‹ድምፁ ቀጭን ነው›› ብዬ ለሰው ሰጠሁ። ያ ሰው ትልቁን ጎማ አድርጎ ሲያሰማኝ ሌላ ዕቃ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ለቀኝ ጆሮዬ ትልቁን፣ ለግራዬ መካከለኛውን ነው የማደርገው። የሰው ሁለት ጆሮ እኩል አይደለም።

እንግዲህ ስትገዢ ከሁሉ በፊት ሦስት መጠን ጎማ አብሮት መኖሩን ጠይቂ። ባለገመድ ይሁን። ማጫወቻሽ ብሉቱዝ ስለሌለው ብቻ አይደለም፤ ገመድ አልባው ላይ የምትከፍዪው ብር ለባትሪው፣ ለመቀበያው፣ ለቻርጅ ማድረጊያው ሣጥን ይከፋፈላል። በባለገመዱ ግን ገንዘብሽ በአብዛኛው ለድምፁ ይውላል። ካርቶኑ ላይ ‹‹ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ›› የሚል የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት ልኬት ብታዪ አትመኪበት፤ መልካሙም መናኛውም ያንኑ ይጽፋል። የሚጠቅምሽ ‹‹16 ኦም›› ወይም ‹‹32 ኦም›› የሚለው የኤሌክትሪክ መቋቋም ልኬት ነው፤ ትንሽ ማጫወቻ እነዚህን ያለ ችግር ያንቀሳቅሳል።

መሰኪያውን ልብ ብለሽ እዪ። ሁለት ጥቁር ቀለበት ያለው ለሙዚቃ ብቻ የተሠራ ነው። ሦስት ቀለበት ያለው የስልክ ማነጋገሪያ የተጨመረበት ሲሆን በአንዳንድ ማጫወቻ ላይ አይስማማም፤ መሣሪያው እየተሰማ የዘማሪው ድምፅ ይጠፋል። ብዙ ሰው ይህን ሲያገኝ ማጫወቻው ተበላሸ ብሎ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል።

ግራው የጠፋብሽ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚያጋጥመው መሰኪያው ሥር ገመዱ ውስጥ ውስጡን ተበጥሶ ይሆናል። ወንድምሽ ሲመጣ እንዲያመጣልሽ መጠየቅ ከቻልሽ ኬ ዜድ የሚባለውን የቻይና ሥሪት፣ ኢ ዲ ኤክስ የተሰኘውን ንገሪው። ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ገመዱ ስለሚነቀል ሲበጠስ ገመዱን ብቻ ትቀይሪያለሽ። እንዳንቺ ቁጥብ ለሆነ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለኝም። እዚሁ ከገዛሽ የፓናሶኒኩ ኤች ጄ ኢ 120 ጥሩ ነው፤ ሦስት መጠን ጎማ አብሮት ይመጣል። ሆኖም የታወቀ ስም አስመሳይ ስለሚበዛበት ሳትሰሚ ብር አትቁጠሪ። የራስሽን ማጫወቻና የምታውቂውን በገና ይዘሽ ሂዲ፣ ግራና ቀኙን ለየብቻ ስሚ፣ ገመዱን መሰኪያው ሥር እያወዛወዝሽ ድምፁ ይቆራረጥ እንደሆነ ፈትኚ። ባለሱቁ ‹‹አይሞከርም›› ካለሽ አመስግነሽ ውጪ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በገናውን ከሰው ሜሞሪ ካርድ የገለበጥሽው ከሆነ ፋይሉ ራሱ የተጨመቀ ሊሆን ይችላል። በሰከንድ 64 ኪሎቢት የሆነ ቅጂ በየትኛውም ማዳመጫ አይድንም፤ 192 ወይም 320 የሆነውን ፈልጊ።

ጎማው በደንብ ከገጠመ የክፍልሽ ጫጫታ ስለሚቀንስ ድምፁን ዝቅ አድርገሽ መስማት ትችያለሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የፈቀደው 80 ዴሲቤል የሆነ የድምፅ ጉልበትን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። የጓደኛሽ ንግግር ጨርሶ የማይሰማሽ ከሆነ ግን ቀንሺ።

አሮጌውን አትጣዪው። ጎማዎቹን አውልቀሽ በለብታ ውኃና በሳሙና አጥበሽ አስቀምጫቸው፤ አዲሱን ስትገዢ አንዱ ላንዱ ጆሮሽ ሊገጥም ይችላል።