ቱሪዝም ትቼ አካውንቲንግ ልግባ?

ከዘጌ ነሽ፤ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቱሪዝም ትማሪያለሽ። «ሆቴሉ ጭር ብሏል፤ ጓደኞቼ አካውንቲንግ ተቀየሪ ይሉኛል። በውጭ አገር የባሕር ዳርቻ ከተሞች ከሆቴል አልጋ ግብር ሰብስበው ራሳቸውን እንደሚያለሙ ሰምቼ ልቤ እዚያ ቀረ። እንጀራ ይሆነኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል።

እህቴ፣ ትምህርቱን አትተዪው። ግን በጸጥታው ችግር እንግዳ እንዴት እንደተመናመነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የሆቴል ሥራን ብቻ ተስፋ አድርገሽ መመረቅሽ ያሳስበኛል። የጠየቅሽው ጉዳይ ሁለት ሙያ የሚገናኝበት ነው። ቱሪዝምንም የመንግሥት ፋይናንስንም የሚያውቅ ሰው ደግሞ እንግዳ ባይኖርም ሥራ አያጣም።

የሰማሽው እውነት ነው። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት የባሕር ዳርቻ ከተሞች ከአልጋ ዋጋ ላይ በመቶኛ ይሰበስባሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የግዛቱ ሕግ ግን አዲስ ከተጣለ ወይም ከተጨመረ ግብር ቢያንስ 70 በመቶው ለቱሪዝም ማስተዋወቂያና ለቱሪዝም መገልገያዎች እንዲውል አስገደደ። ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋና ለመሳሰለው የተረፈው ቢበዛ 30 በመቶ ነበር። ትንሽ ከተማ በእንግዳ ስትጥለቀለቅ የአምቡላንሱና የቆሻሻው ወጪ በነዋሪው ጫንቃ ላይ ይወድቃል፤ ገንዘቡ ለማስታወቂያ ይሁን ወይስ ለከተማው አገልግሎት የሚለው ክርክርም የሚነሳው ከዚህ ነው። በጥምቀት ማግሥት የባህር ዳርን ጎዳና ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። እኔ ከነዋሪዎቹ ጋር ነኝ፤ ማስታወቂያ እምቦጭ አይነቅልም።

ማልዲቭስ ደግሞ «አረንጓዴ ግብር» የምትለውን በመቶኛ ሳይሆን በሰው በአዳር ታስከፍላለች፤ 6 ዶላር የነበረውን እ.ኤ.አ. በ2025 በሪዞርቶች ላይ 12 አድርጋዋለች። ብር ዋጋው በሚወርድበት አገር ቁርጥ ያለ ሂሳብ ቶሎ ይሟሽሻል፤ ለእኛ መቶኛው ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን በሆቴል ደረሰኝ ላይ የምታዪው 15 በመቶ ቫት ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል እንጂ ለጣና ዳርቻ ተብሎ አይቀመጥም። እንበልና 40 ክፍል ያለው ሆቴል ግማሹ ተይዞ፣ አንዱ አልጋ 1,500 ብር ቢሆንና 2 በመቶ ለሐይቁ ዳርቻ ቢታሰብ፣ በቀን 600 ብር፣ በዓመት 219,000 ብር ነው። ለአንድ ሆቴል ብዙ አይመስልም። ባህር ዳር ያሉትን ሆቴሎች ቁጠሪና ደምሪው፤ ከዚያ ለጀልባ ማረፊያ መጸዳጃና ለእምቦጭ ነቀላ የቀን ሠራተኛ ስንት እንደሚያወጣ አስቢ። እንግዳ ሲቀር ገቢውም አብሮ እንደሚደርቅ ግን አትርሺ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲመጣ በዚህ ገቢ ይተዳደሩ የነበሩ ከተሞች ክፉኛ ተጎድተዋል። ስለዚህ ቋሚ ደመወዝ በዚህ ገንዘብ ላይ አይታሰርም፤ በደጉ ጊዜ መጠባበቂያ ይያዛል።

በሚቀጥለው ሴሚስተር የመንግሥት ሂሳብ አያያዝና የታክስ ሕግ ኮርስ ጨምሪ፤ ትምህርት ክፍልሽ ባይሰጥሽም ከሌላው ክፍል ገብተሽ አዳምጪ። ለኢንተርንሺፕ ጓደኞችሽ ወደ ሆቴል ሲሮጡ አንቺ የከተማውን ገቢዎች መሥሪያ ቤት ጠይቂ። ኤክሴል በደንብ ልመጂ። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ አምስት ሆቴሎች የሦስት ወር የአዳር መዝገባቸውን እንዲያሳዩሽ ደብዳቤ ይዘሽ ሂጂ፤ የባለቤቶቹን ስጋትም ጻፊው፤ ግብር በግብር ላይ ተደራረበብን የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የዘጌ ጀልባ ነጂዎችንና ቡና የሚሸጡ እናቶችንም ጠይቂ፤ ገንዘቡ ቢመጣ መጀመሪያ ምን እንዲሠራላቸው እንደሚፈልጉ ይነግሩሻል። ርዕሱን ከማስመዝገብሽ በፊት ረቂቁን ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።