ለፊታውራሪው ነጥብ ከመመደባችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን፣ እያንዳንዱ የራሱን ገጸ ባሕርይ ይዞ የሚጫወተውን የጠረጴዛ ጨዋታ ተጫውታችሁ ደሴ ካለው ቤቴ ተሰነባብታችሁ ስትወጡ የእህቴ ልጅ ፊቱን አኮሳትሮ ነበር። «ጋሼ፣ መሪው እኔ ሆኜ ቀኑን ሙሉ ምንም ሳልረባ ዋልኩ» አለኝ። ዳይስ በመጣል እናንተ ትበልጡኛላችሁ። የጨዋታውን መጽሐፍ ግን መነጽሬን አድርጌ ገጽ በገጽ አንብቤዋለሁ፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው ሀረጎ ላይም የመንገድ ጥገና ቡድን እየመራሁ ጸጉሬን አሽብቻለሁ። ስለዚህ በዚህ በአንዱ ጉዳይ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1974 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲታተም የገጸ ባሕርይ አቅም የሚወሰነው ባለ 6 ፊት ዳይስ 3 ጊዜ ተጥሎ በሚወጣው ድምር ነበር። 18 የሚወጣው ከ216 አንዴ ነው፤ ያልወጣለት ዕድሉን ያማርራል። እናንተ የምትጫወቱት በዚያው አቆጣጠር በ2008 የወጣውን አራተኛውን እትም ነው። 22 ነጥብ በእጃችሁ ይሰጣችሁና ለስድስቱ አቅሞች፣ ማለትም ለጉልበት፣ ለጽናት፣ ለቅልጥፍና፣ ለብልህነት፣ ለማስተዋልና ለግርማ ሞገስ፣ ራሳችሁ ትመድባላችሁ። ምደባው ካላማረ የሚማረር ዕድል የለም።

የልጃችንን ወረቀት አየሁት። «ፊታውራሪ» እያላችሁ የምትጠሩትን፣ ዋርሎርድ የሚባለውን የጦር መሪ ገጸ ባሕርይ መርጦ፣ መሪ ማለት ግርማ ሞገስ ነው ብሎ 18 እዚያ ላይ ጫነ፤ የሰው ዘር የሚያገኘውን 2 ጨምሮ 20 አደረሰው። ጉልበቱ 14፣ ብልህነቱ 10 ሆኖ ቀረ። ዋጋውን ልብ በሉ፦ ከ10 ወደ 16 ለመውጣት 9 ነጥብ ይከፈላል፤ ከ16 ወደ 18 ለመውጣት ብቻ ሌላ 7 ነጥብ። በዚህ ሁሉ ወጪ ዳይሱ ላይ የሚጨመረው 1 ነው። ሰኞ ገበያ እንዲህ ያለ ዋጋ ቢጠሩባችሁ ጥላችሁ ትሄዱ ነበር።

ከዚያ ዘንዶው ላይ የቀኑን ትልቅ ጥቃት ሰነዘረ። ያ ጥቃት ከመታ እርሱና በአቅራቢያው ያሉ ባልደረቦቹ ያን ጠላት ለመምታት በሚጥሉት ዳይስ ላይ 1 ሲደመር የመሪው የብልህነት ጭማሪ ያገኛሉ፤ ከሳተ 1 ብቻ። ብልህነቱ 10 ነውና ጭማሪው ዜሮ ነው። ቢመታም 1፣ ቢስትም 1! ብልህነቱ 16 ቢሆን ኖሮ ጭማሪው 3፣ ድምሩም 4 ይሆን ነበር፤ በባለ 20 ፊት ዳይስ ላይ 4 ማለት ከመቶ 20 ነው። ለመምታት ደግሞ ጉልበት ያስፈልጋል፤ የዋርሎርድ ጥቃት አብዛኛው በጉልበት የሚሰነዘር ነው።

«ግርማ ሞገሱ የወደቀውን ለማንሣት ይጠቅማል» ብላችሁ ተከራከራችሁልኝ። ያን ከሩቅ በቃል ብቻ ቁስለኛ የሚያነሣበትን ችሎታ «አብሽር» ማለታችሁ ደስ ብሎኛል፤ የወሎ ልጅ ከዚህ የተሻለ ስም ሊያወጣለት አይችልም። ግን ደንቡን ደግማችሁ አንብቡ። በመጀመሪያው ደረጃ «አብሽር» የሚጨምረው አንድ ባለ 6 ፊት ዳይስ ነው፤ ግርማ ሞገስ እዚያ ውስጥ የለም። ግርማ ሞገስ የሚቆጠረው ሌላ ቦታ ነው፤ ባልደረባችሁ የድርጊት ነጥቡን ከፍሎ ተጨማሪ ድርጊት ሲፈጽም የሚያገግመው መጠን ላይ።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አስቀምጬ ብዙ አሰብኩ። በመጀመሪያው የደንብ መጽሐፍ ዋርሎርድ ከሁለት ዓይነት አመራር አንዱን ይመርጣል። በግርማ ሞገስ የሚመራው የሚጠቅመው እርሱን ማየት የሚችል ባልደረባን ነው። በብልህነት የሚመራው የሚጠቅመው እርሱ ማየት የሚችለውን ባልደረባ ነው። ደንቡን የጻፈው ሰው አስቦበት ይሁን ሳያስብበት፣ እኔ ግን ያለፍኩበት ነገር ነው።

አዲስ አለቃ በሆንኩበት ክረምት ናዳ ሀረጎ ላይ መንገዱን ዘጋው። ጉሙ ከገደሉ እየተነሣ የገዛ እጄን እንኳ ይሸፍነኝ ነበር። እኔ ቢጫ ካፖርቴን ለብሼ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ቆሜ እጮኻለሁ፣ እጄን አወናጭፋለሁ። ማን ያየኛል? የሎደሩ ሹፌር ዘገየብኝና አውርጄው ራሴ መሪውን ያዝኩ። እኔ አፈር ስዝቅ ከኮምቦልቻ በኩል የሚመጣውን መኪና የሚያስቆም ሰው እንዳልመደብኩ ትዝ ያለኝ አንድ የጭነት መኪና ጭቃው ላይ እየተንሸራተተ መጥቶ አካፋ ከያዘው ልጅ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሲቆም ነው። ልጁ አካፋውን ጥሎ ቁጭ አለ። እስከ ማታ አልተናገረኝም።

በማግሥቱ አንድ አንጋፋ አለቃ መጣ። ድምፁ ከአፉ ርቆ የማይሄድ ሰው ነው። በጉሙ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ እያንዳንዱን ቀርቦ አየ። ሹፌሩን «ከግራ ጀምር» አለው፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሎደሩን አልነካም። ቀትር ሳይሆን መንገዱ ተከፈተ።

በጨዋታችሁ መሪው የራሱን ምት ትቶ ባልደረባውን «አንተ ምታ» የሚልበት ጥቃት አለ። ዳይሱን የሚጥለው ባልደረባው ነው፤ ከመሪው የሚመጣው ጉዳቱ ላይ የሚጨመረው ብልህነት ብቻ ነው። ግን እጅ በእጅ የሚደረግ ተራ ምት ስለሆነ ጉልበት ያለው ተዋጊ ይፈልጋል። በዙሪያችሁ ያሉት ቀስተኛና አስማተኛ ብቻ ከሆኑ ማንን ልታዙ ነው? ያን ጊዜ እኔም ግርማ ሞገሱን እመርጣለሁ። እንግዲህ ነጥቡን ከመጻፋችሁ በፊት አቦሉ እስኪፈላ የሌሎቹን ወረቀት ተቀበሉና እዩ።

የእህቴ ልጅ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ብርቱ ጎራዴኞች አሉ። ስለዚህ እንዲህ አልኩት፦ ጉልበት 16፣ ብልህነት 16፣ ጽናት 12፣ ግርማ ሞገስ 12፣ ማስተዋል 10፣ ቅልጥፍና 8። 22ቱ ነጥብ ልክ አለቀ። የሰው ዘሩን 2 ጉልበት ላይ ይጨምርና 18 ያድርገው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው ነገሩ። 8ቷ አታስፈራችሁ። የሰንሰለት ጥሩር ለለበሰ ቅልጥፍና መከላከያውን አይጨምርለትም፤ ከፍንዳታ የማምለጫው ቁጥርም ከቅልጥፍናና ከብልህነት የሚበልጠውን ነው የሚወስደው።

ካህን የምትጫወተው ልጅ ግን ይህንን ምክር እንዳትከተል። የካህኑ ጸሎቶች ከፊሉ በጉልበት፣ ከፊሉ በማስተዋል የሚሠሩ ናቸው። ሁለቱንም እኩል ልያዝ ካለች ከሁለት ያጣ ትሆናለች፤ አንዱን መንገድ ትምረጥ። ስለ እርሷ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ቅዳሜ ስትመጡ እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስና ላጲስ ያዙ። ቡናው በስምንት ሰዓት ይቀርባል። ዘንዶው ባለፈው ሳምንት ከቆመበት እንዳይነቃነቅ ጠረጴዛውን አላጸዳሁትም፤ ባለቤቴ እስካሁን ታግሣኛለች።