ነርሲንግ የሚማሩ ወንዶች ይጠይቁ፣ ተረኛው ነርስ ይመልሳል

ተረኛው ነርስ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መሀል አዲስ አበባ ባለ የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል 17 ዓመት ሠርቻለሁ። ዛሬ ቅዳሜ እረፍት ነኝ፤ ስታዲየም አካባቢ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ እስከ 11 ሰዓት እመልሳለሁ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። በደም የሚተላለፈውን የጉበት በሽታ፣ የሄፓታይተስ ቢን ክትባት ሳትጀምሩ ዋርድ (የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል) አትግቡ። የተጠቀማችሁበትን መርፌ መልሳችሁ አትክደኑ። በሉ ጠይቁ።

የአራት ኪሎው፦ ጋሼ፣ የደረሰኝ ነርሲንግ ነው። አባቴ «የሴት ሥራ ልትማር ነው?» ብሎ ካኮረፈኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። ምን ልበለው?

ተረኛው ነርስ፦ ድሬሰር የሚባለውን አስታውሰው። አባትህ ልጅ ሳለ በየክፍለ ሀገሩ ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው ድሬሰሩ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ወንድ ነበር። ያኔ ማንም የሴት ሥራ አላለውም። እርግጥ በዓለም ደረጃ ከ10 ነርሶች 9ኙ ያህሉ ሴቶች ናቸው። እኛ ዘንድ ግን ክፍልህ ገብተህ ዙሪያህን እይ፤ ወንዱ ጥቂት አይደለም። ደግሞስ የሴት ሙያ ቢባል ምን ያሳፍራል? ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምረው ነው የተመለሱት። የንጉሥ ልጅ ሆነው የበሽተኛ አልጋ አንጥፈዋል። በ1934 በወጣትነታቸው ባያርፉ ብዙ በሠሩ ነበር። ይህን ለአባትህ ንገረው። ካልሰማህም ተማር፤ የመጀመሪያ ቀን ደም ግፊቱን ስትለካለት ኩርፊያው ይለቀዋል።

ብሩህ ተስፋ፦ ደሞዙ ስንት ነው?

ተረኛው ነርስ፦ የሥራ ማስታወቂያ ላይ ይጻፋል። ቀጣይ።

ሁለተኛ ዓመት፦ አታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) ላይ ነኝ። ለአንዲት እናት የሽንት ካቴተር (ሽንት ማውጫ ቱቦ) እንዳስገባ ታዘዝኩ። «ወንድ አይነካኝም» አሉ። ጓደኞቼ ፊት በጣም አፈርኩ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?

ተረኛው ነርስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። በመጀመሪያ ነገር፣ አንተን አልሰደቡህም። አስበው፤ አሟቸዋል፣ ፈርተዋል፣ ልብሳቸውን አውልቀው ተኝተዋል። ስድስት ተማሪ ከቧቸዋል። በዚያች ሰዓት በእጃቸው የቀረው እምቢ ማለት ብቻ ነው። እሱን አትቀማቸው።

እኔ የማደርገውን ልንገርህ። መጀመሪያ ጓደኞችህን አስወጣ። መጋረጃውን ዝጋ። ቆመህ ከላይ አታናግራቸው፤ ወንበር ስበህ ተቀመጥ። ስማቸውን ከካርዱ አታንብብ፣ ራሳቸውን ጠይቅ። ይህ አክብሮት ብቻ አይደለም፣ ትክክለኛው ሰው ጋ መሆንህን የምታረጋግጠውም በዚሁ ነው። ከዚያ ተማሪ መሆንህን ሳትደብቅ ተናገር። ምን እንደምታደርግ፣ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ አስረዳ። መጨረሻ ላይ «እኔ ልሥራው ወይስ ሴት ነርስ ልጥራ?» በል። ስትጠይቅ ከልብህ ይሁን። ሴት ካሉ ሄደህ ጥራ፣ ፊትህን አታጥቁር። እሺ ቢሉህም ብቻህን አትሥራ። ሴት ባልደረባህ አጠገብህ ትቁም። እሳቸውንም አንተንም ይጠብቃል። አንሶላውንም የምትሠራበትን ቦታ ብቻ ግለጥ።

ሌሊት ሆኖ ሴት ተረኛ ባትኖርስ? እውነቱን ተናገር። አንድ ሌሊት ከገጠር የመጡ እናት ሽንታቸው ተይዞ ሆዳቸው ተነፍቶ ነበር። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ዝም አሉኝ። ለአስታማሚ ልጃቸው ነገሩን አስረዳኋትና ወጣሁ። በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ትንሽ ቆይታ ጠራችኝ። እጃቸውን ይዛ ቆመች፣ እኔ ሠራሁ። ሲቀላቸው «ልጄ፣ ይባርክህ» አሉኝ። ፊታቸውን ግን አልገለጡም፤ እኔም እንዲገልጡ አልጠበቅሁም።

የሜክሲኮ ልጅ፦ ወንድ ሐኪም ሲመረምራቸው ግን ዝም ይላሉ። እምቢታው ለእኛ ብቻ ነው።

ሲስተር ካዛንቺስ፦ ወንድሜ፣ እኔንም ወንድ ታካሚ እምቢ ይለኛል። አንተ ብቻ የተገፋህ አታስመስለው።

የሜክሲኮ ልጅ፦ አንቺን «ሲስተር» ብለው ያከብሩሻል። እኛን ምን ይሉናል? እኔን «ዶክተር» ይሉኛል፤ ዝም እላለሁ።

ሲስተር ካዛንቺስ፦ ለምን ዝም ትላለህ? እኔ 20 ዓመት ሠርቼ «ዶክተሩ ይሻላል» ብለው አንተን ተማሪውን ይጠራሉ።

የአራት ኪሎው፦ ብራዘር ቢሉንስ?

ተረኛው ነርስ፦ በቃ፣ ወደ ጉዳዩ። እህቴ ልክ ነሽ። «ነርስ ነኝ» በሉ፣ ሁልጊዜ። ዝም ስትሉ ታካሚው «ሐኪም አይቶኛል» ብሎ ካርዱን ይዞ ቤቱ ይሄዳል። ሐኪም ግን አላየውም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ጀማሪው፦ ነርሲንግ እንዴት ነው?

ተረኛው ነርስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይመለስም። አንድ ነገር ለይተህ ጠይቅ።

ጀማሪው፦ ማለቴ የሴት ሥራ አይደለም ወይ?

ተረኛው ነርስ፦ ከላይ ተመልሷል። አንብበህ ና።

ሦስተኛ ዓመት፦ የጉሉኮስ ጠብታ ስሌት ይምታታብኛል።

ተረኛው ነርስ፦ ጥሩ ጥያቄ። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ይለቅ ተባልክ እንበል። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። የያዝከው የጉሉኮስ ቱቦ («ሴት» የምንለው) ሚሊ ሊትሩን 20 ጠብታ የሚያደርግ ከሆነ 1000 በ20 አባዛ፣ ለ480 አካፍል። በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይመጣል። የጠብታው ቁጥር ከቱቦ ቱቦ ስለሚለያይ ፕላስቲኩ ላይ የተጻፈውን ሳታነብ አትቁጠር። ሕፃናት ክፍል ሚሊ ሊትሩን 60 ጠብታ የሚያደርግ ታገኛለህ። እሱ ላይ በሰዓት የታዘዘው ሚሊ ሊትር በደቂቃ ከሚወርደው ጠብታ ጋር እኩል ነው። ሰከንድ ቆጣሪ ያለው የእጅ ሰዓት ግዛ። በግምት መልቀቅ ሕፃን ይገድላል።

ብሩህ ተስፋ፦ ውጭ አገር ለመሥራት ምን ያስፈልጋል?

ተረኛው ነርስ፦ ዛሬ እሱን አልመልስም። መርፌ አትክደኑ።

የሜክሲኮ ልጅ፦ ወንድ ስለሆንን ከባድ ታካሚ ሲመጣ ሁሌ የምንጠራው እኛ ነን። ወገቤ አለቀ።

ተረኛው ነርስ፦ ሂድ፣ ግን ብቻህን አታንሣ። አንሶላውን ለአራት ያዙ፣ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ በአንድ ድምፅ አንሡ። ሴቶቹም ይያዙ።

ስም የለሽ፦ ጋሼ፣ ትናንት ማታ 4 ሰዓት ላይ መርፌ ጣቴን ወጋኝ። ትንሽ ነው፣ ብዙም አልደማም። ለማንም አልተናገርኩም። ችግር አለው?

ተረኛው ነርስ፦ ሌሎቻችሁ ቆዩ። ስም የለሽ፣ ስማኝ። በሳሙናና በውሃ አጥበኸዋል?

ስም የለሽ፦ በአልኮል ጠረግኩት።

ተረኛው ነርስ፦ አሁን በሳሙና እጠበው። አትጭመቀው፣ በረኪናም አታስነካው። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፤ አንተ ጋ 17 ሰዓት አልፏል። ወደምትለማመድበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂድ። «መርፌ ወግቶኛል» በል። አንተንም ይመረምሩሃል፣ የታካሚውንም ውጤት ያያሉ። የሄፓታይተስ ክትባት ስንት ወሰድክ?

ስም የለሽ፦ አንድ። ሁለተኛው አምልጦኛል።

ተረኛው ነርስ፦ ሦስት ነው። ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው በ6ኛው ወር። ይህንንም እዚያ ንገራቸው። አለቃ ይቆጣኛል ብለህ አትፍራ። አሁን ተነሥ። መልስ አትጻፍልኝ፣ ሂድ።

ሦስተኛ ዓመት፦ ስለ መውጫ ፈተና አንድ ጥያቄ ነበረኝ።

ተረኛው ነርስ፦ ማለፊያው 50 ነው። የሙያ ፈቃድ ፈተናው ሌላ ነው፣ አታምታታው። ልጁ እስኪመለስ ሌላ አልመልስም።

ሲስተር ካዛንቺስ፦ እኔም እየጠበቅሁ ነው።

ስም የለሽ፦ ጋሼ፣ ደርሻለሁ። ደም ሰጠሁ። መድኃኒቱንም ጀመርኩ፣ የመጀመሪያውን ዋጥኩ። 28 ቀን አሉኝ።

ተረኛው ነርስ፦ ተመስገን። አንድም ቀን አታቋርጥ። ቢያቅለሸልሽህም ሳትነግራቸው አታቁም። መርፌው የወጋህ ስትከድነው ነው?

ስም የለሽ፦ አዎ ጋሼ።